ጆሮ ሲዋሽ፣ ዓይን ሲሮጥ

(ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ጠዋት፣ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ትርሲት እና የእጮኛዋ የአዝመራው እናት ወይዘሮ ደብሪቱ።)

ደብሪቱ፦ አልቀመጥም አልኩሽ! ወንበርሽን አትጎትቺ። የመጣሁት ሰርጉ ቀርቷል ልልሽ ነው፤ ቆሜ እናገራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ትርሲት፦ እማማ፣ ሰርግ ቆሞ አይፈርስም። ለማፍረስም እኮ ወግ አለው።

ደብሪቱ፦ ወግ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?

ትርሲት፦ ላስታውስዎ ብዬ ነው። እኔን ሲጠይቁ ሦስት ሽማግሌ ነው የላኩት። አንደኛውማ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸው በሰው ተደግፈው ነው የገቡት። አሁን ሲያፈርሱ ብቻዎን፣ ያውም በነጠላ ጫማ?

ደብሪቱ፦ ሽማግሌዎቹን ላሳርፋቸው ብዬ ነው። የአንቺ ነገር ለሽማግሌ አይነገርም።

ትርሲት፦ አዝመራው እዚህ መምጣትዎን ያውቃል?

ደብሪቱ፦ ልጄ እኔ የማውቀውን ሁሉ ያውቃል።

ትርሲት፦ አያውቅም ማለት ነው።

ደብሪቱ፦ ማታ ሲገባ ይነገረዋል። እራቱን ከበላ በኋላ።

ትርሲት፦ እሺ፣ እሱ እስኪበላ እኔ ልወቀው። ምን አጠፋሁ?

ደብሪቱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሑድ እዚያ ተራራ ላይ ምን እንደሆንሽ ጠፋሽ?

ትርሲት፦ አዞረኝና ወደቅኩ።

ደብሪቱ፦ ‘አዞረኝ!’ አሳምረሽ ጠራሽው። ለሰርጓ በረከት ይሁናት ብዬ በእጄ ይዤ ጸበል ወሰድኩሽ። አጥማቂው አንዴ ቢያፈስብሽ ዓይንሽ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ዘልሎ ይመለሳል፤ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ዘልሎ ይመለሳል። እንደ ስፌት መኪና መርፌ! ሰው ዓይኑን በፈቃዱ እንዲያ ማድረግ ይችላል? አይችልም። ታዲያ ማን አደረገው?

ትርሲት፦ እኔም አልቻልኩም፤ በራሱ ነው የሄደው።

ደብሪቱ፦ እሱን ነው የምልሽ! በራሱ። ቀጥሎ ወደቅሽ። ቀጥሎ አስታወከሽ፤ ያውም ነጠላዬ ላይ። ጾም ነው እያልኩ የበላሽውን ሁሉ አየሁት።

ትርሲት፦ ሽሮ ነው የበላሁት!

ደብሪቱ፦ ሽሮማ ነው፤ ዘይቱ በዛ እንጂ። ‘ማን ነህ? ስምህን ተናገር!’ ሲሉሽስ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ‘ትርሲት ነኝ’ አልኩ።

ደብሪቱ፦ ጋኔን መቼም በሰው ስም መነገድ ይወዳል። ‘ከየት ያዝካት?’ ሲሉስ?

ትርሲት፦ ‘ከመገናኛ’ አልኩ።

ደብሪቱ፦ በቃ! በገዛ አፍሽ!

ትርሲት፦ እማማ፣ ታክሲ የያዝኩት ከመገናኛ ነው! ሰማይና ምድሩ እየዞረብኝ ‘ከየት’ ሲሉኝ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ሌላ ምን ልበል?

ደብሪቱ፦ ሕዝቡ ግን ገብቶት እልል አለ።

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ተኝቼ፣ ጭቃ በአፌ፣ እልልታውን ሰምቻለሁ። እኔ እልልታ የምጠብቀው ሰርጌ ላይ ነበር።

ደብሪቱ፦ ...ለማንኛውም ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል።

ትርሲት፦ ምኑን?

ደብሪቱ፦ የአዝመራው እጮኛ የሆነ ነገር እንዳለባት ነዋ። አልሰማሽም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ትርሲት፦ የእኔ ጆሮማ ባዳ ብቻ አይደለም፣ ውሸታምም ሆኗል። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የጆሮ ሐኪም።

ደብሪቱ፦ የሮጠው ዓይንሽ፣ የሄድሽው ለጆሮ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ትርሲት፦ እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት። መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ ዓይኔን አየና ‘ይህስ ደህና ነው፣ ጆሮሽን ጠይቂ’ ብሎ መለሰኝ።

ደብሪቱ፦ ጆሮሽስ ምን አለ?

ትርሲት፦ ሐኪሙ አስተኛኝና ጆሮዬ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረ።

ደብሪቱ፦ ጸበል?

ትርሲት፦ የቧንቧ ውሃ።

ደብሪቱ፦ ከዚያስ?

ትርሲት፦ ዓይኔ ሮጠ። ልክ እንደ እሑዱ።

ደብሪቱ፦ ሐኪም ፊት! ነጭ ጋውን ፊት! ኧረ የዚህ ጋኔን ድፍረት!

ትርሲት፦ ሐኪሙ ደስ አለው እኮ።

ደብሪቱ፦ እሱም አለበታ!

ትርሲት፦ እማማ፣ ያዳምጡኝ። ‘ቀዝቃዛ ውሃ ገብቶ ዓይኑ ያልሮጠ ሰው ነው የሚያሳስበኝ፤ አንቺ በቀኝም በግራም እኩል ሮጦልሻል፤ ጤነኛ ነሽ፣ ሂጂና አግቢ’ ነው ያለኝ።

ደብሪቱ፦ ‘አግቢ’ን አንቺ ነሽ የጨመርሽው።

ትርሲት፦ አዎ፣ እሷን እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ እኔ መሠረተ ትምህርት ከሰፈሬ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ አታታልይኝም። ጆሮ መስሚያ ነው። ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?

ትርሲት፦ ከመስሚያው ጎን፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቀለበት የሚመስሉ ሦስት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። ፈሳሽ ሞልቷቸዋል። እነሱ ለመስማት አይደሉም፤ ለሚዛን ናቸው።

ደብሪቱ፦ ጆሮ ውስጥ ሚዛን? ምን ሊመዝን? ሐሜት?

ትርሲት፦ ታክሲ ይሳፈሩ የለ? ረዳቱ በሩን መታ አድርጎ ‘ሳበው!’ ሲል ሾፌሩ ዞሮ ያያል?

ደብሪቱ፦ የት አይቶ! ስንቴ አንድ እግሬ መሬት ላይ እያለ ስቦኛል!

ትርሲት፦ እንግዲህ ጆሮዎ ረዳቱ ነው፤ ዓይንዎ ሾፌሩ። ራስዎን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ያ ፈሳሽ ‘ዞረናል’ ይላል። ዓይንዎ ማንንም ሳያማክር በዚያው ልክ ወደ ግራ ይመለሳል። ለዚህ ነው ራሳችን ሲወዛወዝ ዓለም ቀጥ ብላ የምትታየን።

ደብሪቱ፦ እኔ ዓይኔን የማዞረው ራሴ ነኝ። ረዳት አልቀጠርኩም።

ትርሲት፦ የእህትዎ ልጅ ሰርግ ላይ እስክስታ ወርደዋል አይደል?

ደብሪቱ፦ አሳምሬ! ማን አስጨፈረና ያንን ሰርግ?

ትርሲት፦ ቪዲዮውን አዝመራው አሳይቶኛል። አንገትዎ ወዲያና ወዲህ ይሰበራል፣ ዓይንዎ ግን ካሜራው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። አንዴም ፈቀቅ አላለም።

ደብሪቱ፦ ቪዲዮ ቀራጩ እንዳያልፈኝ እየተቆጣጠርኩት ነበራ።

ትርሲት፦ አንገትዎ እንዲያ እየተሰበረ እንዴት ተቆጣጠሩት? በየስብራቱ ‘አሁን ዓይኔን ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ’ ይሉ ነበር?

ደብሪቱ፦ ...አልልም። ትከሻዬን ነበር የማስበው።

ትርሲት፦ ይኸውልዎ። እስቲ ይሞክሩት። እዚያ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ። ራስዎን ‘እምቢ’ እንደሚሉ ሰው እየነቀነቁ።

ደብሪቱ፦ እሱ ይቀናኛል። ‘ዱቤ... ዛሬ... የለም... ነገ... ይምጡ።’ አነበብኩ። ምን ያለ የስስታም ጽሑፍ ነው!

ትርሲት፦ ጥርት ብሎ ታየዎት?

ደብሪቱ፦ ጥርት ብሎ።

ትርሲት፦ አሁን ደግሞ ራስዎን ያቁሙ። ይህችን ወረቀት እኔ በዚያው ፍጥነት ልነቅንቃት። ያንብቡ።

ደብሪቱ፦ እ... ‘ሻ’... ‘ሻም’... አቁሚያትና ላንብባ! ዓይኔ አይደርስባትም።

ትርሲት፦ የፊደሉ መጠን ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ራስዎ ሲነቃነቅ ረዳቱ ለዓይን ይናገራል። ወረቀቷ ስትነቃነቅ ግን ረዳቱ ምን ያውቃል? ዓይን ብቻውን ነው የሚሮጠው፤ ብቻውን ደግሞ ዘገምተኛ ነው።

ደብሪቱ፦ እስቲ ድገሚው። ...አሁንም አይያዝም። ይገርማል!

ትርሲት፦ እሑድ ደግሞ እንዲህ ነው የሆነው። ያ ውሃ ከተራራ የወረደ በረዶ ነው። ጆሮዬን ሲሞላው አንዱን ጎን ብቻ አቀዘቀዘው። ድስት ውስጥ የሚሞቀው ውሃ ወደ ላይ፣ የሚቀዘቅዘው ወደ ታች አይሄድም? ጆሮዬም ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደዚያው ተንቀሳቀሰ። ራሴ ፍንክች አላለም፤ ረዳቱ ግን ‘ሳበው!’ አለ። ዓይኔም ሳበው።

ደብሪቱ፦ ጸበሉን አትንኪብኝ።

ትርሲት፦ ጸበሉን አልነካሁም። ጸበሉ ይባርካል፣ ቅዝቃዜው ያዞራል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።

ደብሪቱ፦ ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስጠመቅ ዓይኔ ሮጦ ያውቃል? አንድ ቀን? ያን ሁሉ ሰው ትቶ አንቺን ብቻ የመረጠው ምን ዓይነት ቅዝቃዜ ነው?

ትርሲት፦ እርስዎ እንዴት ነው የሚጠመቁት?

ደብሪቱ፦ እንደ ክርስቲያን ነዋ! ጎንበስ ብዬ፣ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጥዬ።

ትርሲት፦ ጆሮዎንም ሸፍነው።

ደብሪቱ፦ ጆሮዬንም... እንግዲህ ነጠላው ሰፊ ነው።

ትርሲት፦ እኔ አዲስ ነኝ። አጥማቂው ‘ወደ ሰማይ ቀና በይ’ ሲለኝ ቀና አልኩ፤ ነጠላ የለኝ፣ ፀጉሬን ጠቅልዬ አሲዤዋለሁ። አንዱን ጆሮዬን ገልብጬ ሰጠሁት። ሞላው። ባለ ነጠላዎቹ ሁሉ ዳኑ፣ እኔ ወደቅኩ።

ደብሪቱ፦ አንቺ ልጅ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲሉ ሰምተሽ ነው እንዲህ የምትናገሪው። እኔ ግን በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም።

ትርሲት፦ ይዩታ። እዚሁ መታጠቢያው ወንበር ላይ ጋደም ይበሉና እርስዎ ጆሮ ውስጥ እንጨምር። መብራት ስለሌለ ውሃው እንደ በረዶ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔ ጆሮ ውስጥ?

ትርሲት፦ ካልፈሩ።

ደብሪቱ፦ ምን እፈራለሁ? እኔ እንደ ሆነ የለብኝም!

ትርሲት፦ ከሌለብዎማ ምንም አይሆኑም።

ደብሪቱ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አሉ። ...ምንም ባልሆንስ?

ትርሲት፦ የቃል ኪዳን ቀለበቱን አሁኑኑ አውልቄ እሰጥዎታለሁ። ይዘውት ይሂዱ። ለአዝመራውም እኔው እነግረዋለሁ፤ እርስዎ እራቱን ብቻ ያቅርቡለት።

ደብሪቱ፦ በእውነት?

ትርሲት፦ በእውነት። እኔም ሲነገርብኝ የምኖርበት ቤት አልገባም። አዝመራውን እወደዋለሁ፤ ግን ባጠፋሁ ቁጥር ‘ያ ነገሯ ተነሣባት’ የሚባልባት ሚስት ሆኜ አልኖርም። ሳህን ብሰብር ጋኔኑ፣ ብቆጣ ጋኔኑ፣ ልጅ ቢያለቅስ ጋኔኑ። አልችለውም፣ እማማ።

ደብሪቱ፦ ...ይሄ ወንበር ንጹሕ ነው?

ትርሲት፦ ንጹሕ ነው። አንገትዎን እዚህች ላይ። ጆሮዎ መግል ወይ ቀዳዳ ኖሮበት ያውቃል?

ደብሪቱ፦ ጆሮዬ? እንኳን መግል ሹክሹክታ አያመልጠውም።

ትርሲት፦ ሐኪም ‘ውሃ አታስገቢ’ ብሎዎት ያውቃል?

ደብሪቱ፦ ሐኪም እኔን ምን ብሎኝ ያውቃል! ጨምሪ።

ትርሲት፦ በዚህች አዲስ የፀጉር ቀለም ጠርሙስ ነው፤ ቀለም ገብቶባት አያውቅም። ቀስ ብዬ ነው። ነጠላውን ከጆሮዎ ላይ ያንሡት።

ደብሪቱ፦ እስቲ ቆይ ላማትብ። ...በስመ አብ። ጨምሪ! እይው! ውይ፣ ይቀዘቅዛል! ይሄው ገባ። ይሄው አለሁ። የታለ የሚሮጠው? አየሽ? ምንም! ቀለበትሽን አውል...

ትርሲት፦ ትንሽ ይታገሡ። እየቀዘቀዘ ነው።

ደብሪቱ፦ ምንም የለም አልኩ... ኧረ!

ትርሲት፦ ምነው?

ደብሪቱ፦ ኧረ ግድግዳው! ግድግዳሽ ሄደ! ኧረ ወንበሩን አቁሚው፣ አታዙሪኝ!

ትርሲት፦ ወንበሩ አልተነቃነቀም፣ እማማ። አራት እግሩ መሬት ላይ ነው።

ደብሪቱ፦ ውሸት! እየዞርኩ ነው! ያዢኝ! ልወድቅ ነው! ኧረ ጣሪያው! ኧረ ‘ዱቤ የለም’ መጣችብኝ!

ትርሲት፦ ይዤዎታለሁ። የትም አይወድቁም። የሄደው ዓይንዎ ነው እንጂ ግድግዳው የትም አልሄደም። ይንሸራተታል፣ ዘልሎ ይመለሳል። እንደ ምን ነበር ያሉት? እንደ ስፌት መኪና መርፌ።

ደብሪቱ፦ የእኔ ዓይን? አይሆንም! የእኔ ዓይን አይሮጥም!

ትርሲት፦ ይክደኑትና ጣትዎን ቆቡ ላይ ያድርጉ። ቀስ ብለው። ከሥሩ ምን ይሰማዎታል?

ደብሪቱ፦ ...ኧረ በስመ አብ! ይነቃነቃል! ከጣቴ ሥር ይነቃነቃል! እኔ አይደለሁም፣ እመቤቴን እኔ አላዘዝኩትም!

ትርሲት፦ እኔም አላዘዝኩትም ነበር።

ደብሪቱ፦ ሊያስመልሰኝ ነው።

ትርሲት፦ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ደቂቃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ያልፋል። እንዲያው መቼም እዚህ ድረስ ከመጣን ወጉ ይሟላ። ‘ማን ነህ? ስምህን ተናገር!’

ደብሪቱ፦ አትቀልጂብኝ!

ትርሲት፦ ‘ከየት ያዝካት?’

ደብሪቱ፦ ትርሲት፣ ተይኝ አልኩሽ! በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ...

ትርሲት፦ እሺ፣ ይቅርታ። ተውኩ። ጨካኝ ሆንኩ። ዓይንዎን እንደከደኑ ይቆዩ። ውሃ ላምጣልዎ? የሚጠጣ ማለቴ ነው።

ደብሪቱ፦ ...ማድ ቤት።

ትርሲት፦ ምን አሉኝ?

ደብሪቱ፦ ‘ከየት ያዝካት’ አላልሽም? ማድ ቤት ነው የያዝኳት። ሽንኩርት ስትከትፍ።

ትርሲት፦ እማማ?

ደብሪቱ፦ ‘እማማ’ አትበዪኝ። እኔ እላይዋ ላይ ያለሁት ነኝ።

ትርሲት፦ ...እሺ። መቼ ነው የያዝካት?

ደብሪቱ፦ ልጇ በሩ ላይ ቆሞ ‘እማዬ፣ ላገባ ነው’ ያላት ቀን። ‘እሰየው’ አለችው። ዕንባዋን ሲያይ ‘ሽንኩርቱ ነው’ አለችው። እሱም አመነ። ወንድ ምን ያውቃል!

ትርሲት፦ ከዚያ ወዲህ አልለቀቅካትም?

ደብሪቱ፦ በምን ልለቃት? ማታ ማታ ሁለት ሳህን ታወጣለች፤ አንዱን ትመልሰዋለች። ልጁ ገና ሳይወጣ እየተለማመደች ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሲያንኮራፋ እንኳ ደስ ይላታል። ይህን እንዳትነግሪያት።

ትርሲት፦ አልነግራትም። እሷ ለምን ራሷ አልነገረችንም?

ደብሪቱ፦ እሷ? ኩሩ ናት። ብትሞት አትናገርም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ትርሲት፦ እኔስ ምን አድርጌያት ነው?

ደብሪቱ፦ ሽሮዋን ቀምሰሽ ‘ጨው አንሶታል’ አልሻት።

ትርሲት፦ አንሶታል እኮ!

ደብሪቱ፦ ከጋኔን ጋር አትከራከሪ።

ትርሲት፦ እሺ። ሌላስ?

ደብሪቱ፦ ሌላ... እሑድ አንቺ ስትወድቂ፣ ያ ሁሉ እልልታ...

ትርሲት፦ አዎ?

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት። ሰው ገና ሳይገባው። ‘እሰይ፣ ቀረ’ አለች በሆዷ። አንቺ ጭቃው ላይ ተዘርግተሽ እሷ ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ቅድም ‘እልልታውን ሰምቻለሁ’ ስትዪያት የምትገባበት ጠፋት።

ትርሲት፦ ...የእሷ ድምፅ ነበር?

ደብሪቱ፦ የእሷ ነበር።

ትርሲት፦ ያማል። ጋኔንም ብትሆን እወቀው፤ ይሄ ያማል። እዚያ ሆኜ በእጄ እየዳበስኩ ስፈልግ የነበረው የእሷን እጅ ነው። ‘እማማ አሉ፣ ይይዙኛል’ እያልኩ።

ደብሪቱ፦ እሷም ታውቃለች። እጅሽን አይታው ነበር።

ትርሲት፦ እኔ እናት የለኝም። ይህንንም ታውቃለች?

ደብሪቱ፦ ታውቃለች። ለዚህም ነው እንቅልፍ ያጣችው።

ትርሲት፦ ...እሺ። ተናግረሃል። አሁን ለመልቀቅ ምን ትፈልጋለህ? ሁልጊዜ የምትጠይቁት ነገር አለ አይደል? ጥቁር ዶሮ ነው? ሽቶ ነው?

ደብሪቱ፦ በጾም ዶሮ ትጠይቂኛለሽ? ልጇ ከቤቷ እንዳይወጣ።

ትርሲት፦ አይሆንም። ቤት ተከራይተናል። ሌላ ጠይቅ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው እሷ ከእናንተ ጋር ትግባ።

ትርሲት፦ አንድ ክፍል ነው። ጋኔን ቢሆን እንኳ አይበቃውም። ሌላ።

ደብሪቱ፦ አንቺስ ክፉ ድርድር ነው የምትደራደሪው! አጥማቂው እንኳ እንዲህ አያስጨንቀኝም።

ትርሲት፦ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ እሷ ቤት እንበላለን። ሁለታችንም። ሳናጓድል።

ደብሪቱ፦ እሑድ ብቻ? ቅዳሜም።

ትርሲት፦ ቅዳሜ ሥራዬ ነው። ሙሽራ ሁሉ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ ራሴን የማክበት ጊዜ የለኝም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ቅዳሜ እሷ ትምጣ። እዚህ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ፎጣ ታጥፋለች።

ትርሲት፦ ደንበኞቼን አታማም?

ደብሪቱ፦ እሱን ቃል አልገባም። ጋኔን እንኳ ከአቅሙ በላይ ቃል አይገባም።

ትርሲት፦ ሲወጡ ትማቸው። ፊት ለፊት ግን አይሆንም።

ደብሪቱ፦ ተስማምተናል። ሽሮዋንስ?

ትርሲት፦ ጨው ይዤ እመጣለሁ። ሳታየኝ እጨምራለሁ።

ደብሪቱ፦ ታይሻለች፤ ግን ዝም ትላለች። ደግሞ ሰፈሩን እሷው ትናገረው። ‘ቅዝቃዜ ነው፣ ጆሮ ነው፣ በእኔም ደረሰ’ ትበል። ያስጀመረችው እሷ ናት፤ የምትጨርሰውም እሷ ትሁን።

ትርሲት፦ ይህንን ደግሞ እኔ አልጠየቅኩም።

ደብሪቱ፦ አልጠየቅሽም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ትርሲት፦ እማማ...

ደብሪቱ፦ ምነው?

ትርሲት፦ ዓይንዎ እኮ መሮጥ ካቆመ ቆየ።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ፤ ጣቴ እላዩ ላይ አይደል? አንቺ ቶሎ በይና ስለ ሰርጉ ጋኔኑን ጠይቂው፤ ዛሬ እሺ ባይ ሆኗል።